ጣና ፍላሽ ላይ አልገባ ሲል፦ በአንድ የዳታ ላይብረሪ ላይ ማመቅን የጨመርንበት ጉዳይ

ነገሩ በፍላሽ ተጀመረ።

ጋሼ በማግስቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ። የአሥር ዓመቱን የጣና ዳታ ይዘው መሄድ አለባቸው። ፍላሹ አዲስ ነው። 32 ጊጋባይት፣ ምንም የለበትም። ፋይሉ 5.36 ጊጋባይት ነው። ጎትተው ፍላሹ ላይ ጣሉት። ኮምፒውተሩ ፋይሉ ለዚህ ዲስክ ትልቅ ነው ብሎ እምቢ አለ።

«አምስት እንዲህ ያለ ፋይል የሚችል ፍላሽ አንዱን እንዴት እምቢ ይላል?» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ገና ሳልናገር ደርሰውበታል።

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ነው። ፋት32 ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የቱንም ያህል ባዶ ቦታ ይኑረው። ኤክስፋት አድርገነው መገላገል እንችል ነበር። ግን ፋይሉን የሚቀበለው ቢሮ ያለው አሮጌ ማሽን ኤክስፋት እንደማያነብ ካለፈው ጊዜ እናውቃለን። ዚፕ አድርገን ብንሰጣቸው ደግሞ የአንዲት ቀን ካርታ ለማየት ሙሉውን መፍታት ሊኖርባቸው ነው።

ያን ማታ ፋይሉን ለሁለት ገምሰን ሰጠናቸው። ጋሼ በሩ ላይ ቆም አሉና «ይሄ ነገር ራሱ ፋይሉ ውስጥ መታመቅ አይችልም?» አሉ።

«ይችላል፤ ሦስት ቀን ቢፈጅ ነው» አልኩ።

ሦስት ወር ፈጀ። ማመቁ ራሱ በሦስት ቀን አልቋል፤ አልዋሸሁም። የቀረውን ጊዜ ምን እንደበላው ነው የምጽፈው።

ዳታው ምንድን ነው?

ላይብረሪው፣ ማለትም ዳታውን የሚጽፈውና የሚያነበው ኮድ፣ ትንሽ ነው። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ በፓይተን የሚጠራ። እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን የምንይዘው፤ ባሕር ዳር ላይ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ክፍል ውስጥ። የሚጠቀሙበት በጣና ላይ የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ጋሼ ሃይድሮሎጂስት ናቸው። ዋናው ሥራቸው የውኃው ከፍታ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን እንደ ሁሉም ሰው እምቦጭን ይከታተላሉ። እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዳር ዳሩን፣ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ነፋስ ይነዳዋል። በታንኳ ዞሮ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ከሳተላይት ይታያል።

ሐይቁ በርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቴራ እና አኳ የሚባሉት ሳተላይቶች ላይ ያለው ሞዲስ የተባለ መሣሪያ በየቀኑ ያየዋል። የአንዱ ፒክስል ጎን 250 ሜትር ነው። ጣናን ከነዳርቻው ለመያዝ 340 በ270 ፒክስል ይበቃል፤ 91,800 ቁጥር ማለት ነው። በየቀኑ አራት ካርታ እናስቀምጣለን፦ ቀይ ብርሃን፣ ቅርብ ኢንፍራሬድ፣ ከሁለቱ የሚሰላው የእጽዋት ኢንዴክስ (የአረንጓዴነት ልክ) እና ደመና አለ ወይስ የለም የሚለው ምልክት። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ይይዝ ነበር። 91,800 በ4 ካርታ፣ በ4 ባይት፣ በ3,652 ቀን ያባዙት። 5.36 ጊጋባይት ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ለምን ኔትሲዲኤፍ ወይም ኤችዲኤፍ5 የሚባሉትን የታወቁ የሳይንስ ዳታ ፎርማቶች አትጠቀሙም?» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ኤችዲኤፍ5 ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። በእሱ ላይ የተገነባው ኔትሲዲኤፍ-4 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የወጣው። ሁለቱም ማመቅ ይችላሉ። ዛሬ ከዜሮ ብጀምር እነሱን ነው የምይዘው። የኛ ፎርማት ግን አንድ ሰው አንድ ክረምት ላይ ለአንድ ሥራ ብሎ የጻፈው ነበር። ከዚያ ሌላ ሰው ተጠቀመበት፣ ከዚያ ሌላ። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ሥር ከሰደደ መንቀል ቀላል አይደለም። እምቦጭን ያየ ያውቃል።

ጭማቂው የት ይሄዳል?

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ለጋሼ «ፋይሉን እንጨምቀዋለን» ብዬ ነበር። «ጭማቂው የት ይሄዳል?» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። አልነበረም። ሎሚ ስትጨምቅ አንድ ነገር ይወጣል፣ ልጣጭ ይቀራል። እሳቸው የፈሩት እሱን ነው። ከዚያ በኋላ «ማመቅ» ማለት ጀመርን። ጤፍ ጆንያ ውስጥ እየረገጡ እንደመጠቅጠቅ ነው፤ አንዲት ፍሬ አይጎድልም።

ፍርሃታቸው ባዶ አልነበረም። የውኃውን ከፍታ መዝገብ ከሚሊሜትር ወደ ሴንቲሜትር እናጠጋጋው ብዬ ነበር። ማዕበሉ ብቻ ከዚያ በላይ ያወዛውዘዋል በሚል። ጋሼ ወረቀት አነሱና «የጣና ስፋት 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በለው» አሉ። «አንድ ሴንቲሜትር ስንት ውኃ ነው?» አሰላሁት። 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ። «እሱን ነው አጠጋጋሁ ብለህ የምትደፋው?» ከጣና የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረውን የጨረጨራን ግድብ በሮች የሚከታተል ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር አይጣልለትም። ከፍታው ሳይነካ ቀረ።

ሳይነካም ግን በደንብ ይታመቃል። ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። ሐይቅ ቀስ ብሎ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ተከታታይ አራት ንባቦች 2,812፣ 2,813፣ 2,813፣ 2,814 ሚሊሜትር ቢሆኑ በኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አራት ባይት ናቸው። የመጀመሪያው 252፣ 10፣ 0፣ 0 ነው። ቀጣዩ 253፣ 10፣ 0፣ 0። እንዲህ ተደባልቀው ሲቀመጡ ለአማቂው ብዙ አይመቹትም። ሁሉንም አንደኛ ባይቶች አንድ ላይ፣ ሁሉንም ሁለተኛ ባይቶች አንድ ላይ ስናደርጋቸውስ? 252፣ 253፣ 253፣ 254 ይመጣል። ከዚያ 10፣ 10፣ 10፣ 10። ከዚያ ስምንት ዜሮ። አሥሮቹና ዜሮዎቹ ከሞላ ጎደል በነፃ ይሄዳሉ። ይሄን ባይት የማበጠር ዘዴ ኤችዲኤፍ5ም ይጠቀምበታል። እኛ የጻፍነው በአሥራ አምስት መስመር ነው። በሙሉ ሥራው ውስጥ ችግር ያልፈጠረብን ብቸኛው ክፍል እሱ ነው።

አማቂው ዚሊብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ የሌለበት ማሽን የሌለ። ዚስታንዳርድ የተባለው አዲሱ ይበልጣል፤ በተለይ ሲፈታ በጣም ፈጣን ነው። ግን ፓይተን ውስጥ አብሮ መምጣት የጀመረው በ3.14 ነው። ሐይቁ ዳር ያሉት ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ያን ለመጫን ኔትወርክ መለመን ሊኖርብን ነው። ዚሊብን መረጥን። ለሌላ አማቂ የሚሆን አንድ የቁጥር ቦታ ትተን አለፍን።

ጣና ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ

የመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ ደስታ ሆነ። ከ340 በ270ው ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው የብስ ነው። እዚያ ላይ «ዳታ የለም» የሚል አንድ ቁጥር ተደጋግሞ ተጽፏል። እሱ ታመቀና ጠፋ። የክረምቱ ደመናም እንዲሁ። የእጽዋቱ ኢንዴክስ ግን ድንጋይ ሆነ። ምንም አይቀንስም።

ምክንያቱ ሲገባኝ አፈርኩ። ሞዲስ ቀዩንና ኢንፍራሬዱን ሲሰጠን ሙሉ ቁጥር አድርጎ፣ በ2 ባይት ነው። ትክክለኛው ዋጋ ቁጥሩ በ0.0001 ሲባዛ ነው። እኛ አባዝተን፣ ነጥብ ያለው ባለ 4 ባይት ቁጥር አድርገን እናስቀምጥ ነበር። በገዛ እጃችን እጥፍ። ከሁለቱ የሚሰላው ኢንዴክስ ደግሞ ማካፈል ስላለበት ከነጥቡ በኋላ ያለው ትርፍ አኃዝ ሁሉ ዝም ብሎ ጫጫታ ነው። ጫጫታ አይታመቅም። የደመናው ምልክት ይባስ። 0 ወይም 1 ነው፤ በ4 ባይት።

ስለዚህ ሦስቱን ወደ 2 ባይት፣ ደመናውን ወደ 1 ባይት መለስን። ለአንድ ፒክስል 16 ባይት የነበረው 7 ሆነ። ሙሉው ፋይል 2.35 ጊጋባይት። ልብ በሉ፤ ገና አላመቅንም። ያን ቀን ማታ ይሄን ብቻ ብናደርግ ኖሮ ፍላሹ ላይ ይገባ ነበር። ባልደረባዬ ይሄን ስታሰላ ምንም አላለችም። ዝም ብላ ወረቀቱን ወደኔ ገፋችው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ይብሳል። አንድ ከሰዓት ጠራችኝ። «አንተ፣ ና እስኪ ይሄን እይ። እምቦጭ ጣናን ጨርሶታል።» ስክሪኑ ላይ ያለው የነሐሴ ካርታ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ሐይቁ በሙሉ ደማቅ አረንጓዴ። ደሴት የለ፣ ውኃ የለ። አንዱን ፒክስል ነካችው። 1.7936። ሌላውን ነካችው። 1.7936። የእጽዋት ኢንዴክስ ከ1 አይበልጥም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አረንጓዴ የለም።

ደመና ነበር። በድሮው ፋይል ውስጥ «ዳታ የለም» የሚባለው −9999 ተብሎ ነው። መቀየሪያው ኮድ ሁሉንም ቁጥር በ10,000 ያባዛል። −9999ንም አባዛው፤ −99,990,000 ሆነ። ይሄ ቁጥር በ2 ባይት ውስጥ አይገባም። በ2 ባይት የሚያዘው ከ−32,768 እስከ 32,767 ነው። ከላይ ያለው ተቆርጦ የታችኞቹ 2 ባይት ብቻ ሲቀሩ 17,936 ይሆናል። በ0.0001 ስታባዛው 1.7936። ነሐሴ ላይ ጣና ላይ ደመና ያልሆነ ፒክስል ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ሐይቁ በሙሉ ለመለመ።

ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው፦ መጀመሪያ ባዶውን ለይ፣ ከዚያ አባዛ። ባዶውን ለመወከል −9999ን እንዳለ መተው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነበር፤ በአዲሱ አቀማመጥ −0.9999 የሚባል እውነተኛ ዋጋ ይሆናል። ሞዲስ ራሱ −28,672ን ነው የሚጠቀመው። እኛም እሱን ወሰድን። ዕድለኞች ነን። ስህተቱ 1.7936 ስለሆነ ዓይን ውስጥ ገባ። 0.4 ቢሆን ኖሮ ማንም አያየውም ነበር።

ቤት ቁጥሩ ጠፋ

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን።

የድሮው ፋይል ደደብ ነበር። ግን አንድ ጸጋ ነበረው። እንደ ኮንዶሚኒየም ነው። ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። 1,000ኛው ቀን የት እንዳለ ለማወቅ ማንንም አትጠይቅም፤ ታባዛለህ፣ ሄደህ ታንኳኳለህ። ማመቅ ይሄን ነው የሚወስደው። የጥር ጥርት ያለ ቀን ትልቅ ነው። የሐምሌ ደመናማ ቀን ትንሽ ነው። እያንዳንዱ የያዘው ቦታ ይለያያል። ማባዛት አይሠራም። የግድ ማውጫ ያስፈልጋል፤ እከሌ ቀን እዚህ ጋ ይጀምራል የሚል።

ማውጫውን ፋይሉ መጨረሻ ላይ አደረግነው። ሰዎች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ዚፕ ራሱ እንደዚያ ነው። ማታ ማታ አንድ ማሽን የቀኑን ካርታ ያወርዳል። ከዚያ አዲሱን ቀን ማውጫው የነበረበት ቦታ ላይ ይጽፋል። ከዚያ የተሻሻለውን ማውጫ ከኋላው ያስከትላል። ንጹሕ፣ ትርፍ ቦታ የለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋት ዜና አይደለም። የማሽኑ ዩፒኤስ ባትሪው ከደከመ ቆይቷል፤ እናውቃለን፣ ነገ እንቀይረዋለን እንላለን። መብራቱ የጠፋው ግን አዲሱ ቀን በአሮጌው ማውጫ ላይ ተጽፎ፣ አዲሱ ማውጫ ገና ሳይጻፍ ነው። ጠዋት ፋይሉን ስንከፍተው ላይብረሪው «ማውጫ የለም» ብሎ ዘጋ። አሥር ዓመት ዳታ ዲስኩ ላይ አለ። አንዲት ባይት አልተበላሸችም። የት የት እንዳለ የሚያውቅ ብቻ ጠፋ። በድሮው ፋይል ቢሆን የምናጣው የአንድ ማታ ካርታ ነበር።

ጋሼ ቡናቸውን ይዘው መጡ። ነገርኳቸው። «በድሮው ይሻለን ነበር ማለት ነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ያወጣን ዚሊብ ነው። ዚሊብ ያመቀው ነገር ሁሉ፣ እኛ በመረጥነው የማመቅ ደረጃ፣ 120 እና 156 በሚሉ ሁለት ባይቶች ይጀምራል። መጨረሻው ላይ ደግሞ የራሱ የማረጋገጫ ቁጥር አለው። ባልደረባዬ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ፋይሉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ትጎረጉራለች። 120 እና 156 ባገኘች ቁጥር ከዚያ ጀምራ ለመፍታት ትሞክራለች። ብዙው የውሸት ነው፤ በአጋጣሚ ጎን ለጎን የወደቁ ባይቶች። የውሸቱ ይከሽፋል። እውነተኛው ይፈታል፣ ማረጋገጫው ይገጥማል፣ ርዝመቱም ወይ 183,600 ባይት ወይ 91,800 ባይት ይሆናል። ካርታዎቹ በቀን ቅደም ተከተል ስለተጻፉ የትኛው የትኛው ቀን እንደሆነ በመቁጠር ይታወቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሮጠ። ጠዋት ሁሉም ተገኘ። ከዚያ ጋሼ አዲስ አበባ ወስደው ከመለሱት፣ ከተገመሰው ፋይል ጋር አስተያየነው። አንድ ለአንድ ገጠመ።

በዕድል ነው የተረፍነው። ሌላ አማቂ ብንጠቀም ኖሮ እንዲህ ያለ ምልክት ላናገኝ እንችል ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የታመቀ ቁራጭ ከፊቱ የራሱን መታወቂያ ይይዛል፦ የማይለወጥ ምልክት፣ የካርታው ዓይነት፣ ቀኑ፣ የታመቀው ርዝመት፣ ሲፈታ የሚኖረው ርዝመት፣ ማረጋገጫ። ማውጫው ቢጠፋ ከመታወቂያዎቹ እንደገና ይሠራል። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር በአሮጌ ማውጫ ላይ አይጻፍም። ከኋላው ይጻፋል። የድሮው ባለበት ይቆያል፤ ትንሽ ቦታ ይባክን።

ይሄን እንዴት እንደፈተንነው ልንገራችሁ፤ በጽሑፉ ውስጥ ለሌላ ሰው ይጠቅማል የምለው ይሄ ነው። የአምስት ቀን ትንሽ ፋይል ሠራን። ከዚያ በ1 ባይት ቆረጥነው፣ በ2 ባይት፣ በ3 ባይት፣ እስከ መጨረሻው። ፋይሉ ባሉት ባይቶች ቁጥር ያህል የተቆረጠ ፋይል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ላይ የማዳኛውን ፕሮግራም አስኬድን። ሙሉ የሆኑት ቁራጮች በሙሉ መመለስ አለባቸው። ያልሞላው መጣል አለበት። ፕሮግራሙ በምንም መንኮታኮት የለበትም። መጀመሪያ ቀን ተንኮታኮተ፤ መቆረጡ ልክ መታወቂያው መሀል ላይ ሲያርፍ። መታወቂያውም ሊቆረጥ እንደሚችል አላሰብንም ነበር። ካስተካከልን በኋላ ላፕቶፕ ሳይሆን ባትሪ የሌለው አሮጌ ዴስክቶፕ ፈልገን እየጻፈ እያለ ሶኬቱን ነቀልነው። ደጋግመን። ጥበቃው በመስኮት አይቶን «ምን አደረጋችሁ ይሄ ኮምፒውተር?» አለ።

ላይብረሪው ከመጻፍ በኋላ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን «እውነት ዲስኩ ላይ አርፏል?» ብሎ የሚያስገድድበት ቦታ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቁራጩ ይረፍ፣ ከዚያ ማውጫው ይጻፍ፣ እሱም ይረፍ። ቅደም ተከተሉን ካፋለሱት ከላይ ያልነው ሁሉ ዋጋ የለውም።

የላይብረሪው የድሮ እትም ጉዳይ አጭር ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ላፕቶፕ ላይ የላይብረሪው የድሮ እትም ነበር። አዲሱን ፋይል ከፈተው፣ ስህተት አላለም፣ የታመቁትን ባይቶች እንደ ተራ ቁጥር አነበበ። አንዱ ፒክስል ዜሮ፣ አጠገቡ በቢሊዮን። የድሮው ኮድ የሚያየው የፋይሉን የመጀመሪያ አራት ፊደላት ብቻ ነው፤ እነሱን ደግሞ አልቀየርንም ነበር። ቀየርናቸው። አሁን የድሮው «ይሄ የኔ ፋይል አይደለም» ብሎ ይመልሳል። እግረ መንገዳችንን የፋይሉን የመጀመሪያ ባይት 137 አደረግነው፤ ኤችዲኤፍ5ም የፒኤንጂ ምስልም እንደዚያ ነው የሚጀምሩት። ተራ ጽሑፍ ነው ብሎ የሚሳሳት ፕሮግራም ካለ ከወዲሁ እንዲነቃ።

የርብ አፍ ላይ ያለች ፒክስል

አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። የርብ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት አካባቢ እምቦጩ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተለዋወጠ ትፈልጋለች። ካርታ አይደለም የምትፈልገው። ለእያንዳንዷ ፒክስል የ3,652 ቀን መስመር ነው። አንድ ሺህ ያህል ፒክስል። «ድሮ ፈጣን ነበር፤ አሁን ላፕቶፔ ላይ አንዱ ፒክስል ሰባት ሰከንድ ይፈጃል» አለች። ሰባት ሰከንድ በሺህ ሲባዛ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

እውነቷን ነው። ያመቅነው በቀን በቀን ነው፤ አንድ ካርታ አንድ ቁራጭ። ከታመቀ ቁራጭ ውስጥ አንዲት ቁጥር ብቻ መዝዞ ማውጣት አይቻልም። ሙሉው መፈታት አለበት። የአንዷን ፒክስል 7,304 ባይት ለማግኘት 670 ሜጋባይት እንፈታ ነበር። ለቀጣይዋ ፒክስል ያንኑ እንደገና። የፈታነውን ካሽ (ሚሞሪ ውስጥ ያለ ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ አንይዝም ነበርና። ብንይዝም ሁሉም አይገባም። ኤችዲኤፍ5 የሚጠቀሙ ሰዎችም እዚህ ጉድጓድ ይወድቃሉ። የእሱ ካሽ ለረጅም ዓመታት ሳይነኩት 1 ሜጋባይት ነበር። ቁራጩ ከካሹ ከበለጠ ያንኑ ደጋግሞ መፍታት ነው።

ቁራጩን በሌላ ቅርጽ ቆረጥነው። በአንድ ቀን ሙሉ ሐይቁን ከመያዝ ይልቅ 100 ቀን፣ 34 በ27 ፒክስል። ብዛቱ ያው 91,800 ነው። ሐይቁ ወደ 100 ትናንሽ መደቦች ተከፈለ ማለት ነው። ለአንዲት ፒክስል አሁን 36 ቁራጭ ብቻ ይፈታል፤ 6.6 ሜጋባይት። በዚያው መደብ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ 917 ፒክስሎች አብረው ይመጣሉ። የጋሼ ካርታ ተራው ደረሰ። የአንዲት ቀን ካርታ ለመሥራት 100 ቁራጭ መፍታት ያስፈልጋል፤ 18 ሜጋባይት ገደማ። ለእሳቸው አልታወቃቸውም። እኔ በፊት የማላውቀው ይሄን ነው፦ ስለ ቁራጭ ቅርጽ መጠየቅ ያለበት ዳታውን የሚያነበው ሰው ነው፤ እኔ ግን የጠየቅሁት የሚጽፈውን ማሽን ነበር።

ታዲያ ሌላ ጣጣ ተፈጠረ። 100 ቀን አንድ ላይ የሚታመቅ ከሆነ የዛሬው ካርታ እስኪሞላ የት ይቀመጥ? ሚሞሪ ውስጥ ነው እንዳትሉኝ። መብራቱን ታውቁታላችሁ።

መልሱን ያመጣችው ባልደረባዬ ናት። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ እየበላን ነበር። «አዲሱን ለምንድን ነው የምናምቀው?» አለች። የአዲሶቹ ቀናት ካርታ በጎን ባለች ፋይል ውስጥ በድሮው ደደብ መንገድ ይቀመጥ፤ ሳይታመቅ፣ በሚባዛ አድራሻ። መቶ ቀን ቢሞላም 64 ሜጋባይት ነው፤ ማንንም አይጎዳም። መቶ ሲሞላ ተሰብስቦ ይታመቃል። የታመቀው ዲስኩ ላይ ማረፉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ጥሬው የሚሰረዘው። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ዳታው ሁለቱም ጋ አለ፤ ላይብረሪው የታመቀውን ይመርጣል። ለ3,652ቱ ቀን ብናስብ 3,600ው ታምቋል፣ 52ቱ ጥሬ ነው። የሚያነበው ሰው ልዩነቱን አያየውም።

ዓሣው ቀዘቀዘ። ናፕኪን ላይ ሣልነው።

ሙሉው ፋይል ከ1 ጊጋባይት ወረደ። ጋሼ ያንኑ 32 ጊጋባይት ፍላሽ አመጡና ራሳቸው ጣሉት። ገባ። የማይታመን ነገር ያዩ ይመስል አንዴ ከፍተው አንድ የጥቅምት ካርታ አዩ፤ ሐይቁ ሰማያዊ ነው፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያችው አረንጓዴ ጥብጣብ አለች።

ባለፈው ሳምንት ማታ እንደገና መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ አሁንም አልተቀየረም። ጠዋት ስገባ ጋሼ ቀድመውኝ ማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል።

«ስንት ጠፋ?» አሉ።

የማዳኛውን ፕሮግራም አስኬድኩት። «የትናንቷ ብቻ።»

«እሷን እንደገና አውርዳት» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።